ድረ ገጽ ገዝቶ ማስተዳደር፦ ከመክፈላችሁ በፊት፣ በከፈላችሁ ሳምንትና ከዚያ በኋላ

ከባዶ ተነስቶ ድረ ገጽ መሥራት ጊዜ ይፈጃል። ጎግል እስኪያውቃችሁ፣ ሰው እስኪለምዳችሁ ወራት ያልፋሉ፤ አንዳንዴም ዓመት። ስለዚህ ጎብኚም ገቢም ያለውን መግዛት ያጓጓል። እንደ ፍሊፓና ኢምፓየር ፍሊፐርስ ያሉ ገበያዎች ላይ የሚሸጥ ድረ ገጽ አይጠፋም። ችግሩ ሻጩ የሚያሳያችሁ ሳሩን ነው፤ ገደሉን ራሳችሁ መፈለግ አለባችሁ።

አንድ ነገር ከአሁኑ እንግባባ። ዲዛይን በርካሽ ይሠራል፣ ጽሑፍም ይጻፋል። ያን ሁሉ ገንዘብ የምትከፍሉት ሰው ወደዚያ ገጽ ለሚመጣበት መንገድ ነው። መንገዱ ከተዘጋ እጃችሁ ላይ የሚቀረው የፋይል ክምር ነው። ስለዚህ ስትገዙም፣ ስታስተዳድሩም፣ ስታስተዋውቁም ይህችን ጥያቄ አትልቀቁ፦ ጎብኚው ከየት ነው የሚመጣው? ነገስ ይመጣል ወይ?

1. ዋጋውን ራሳችሁ አስሉ

በዚህ ገበያ ዋጋ የሚተመነው የወር የተጣራ ትርፍን በማባዛት ነው። አነስተኛ ድረ ገጾች ብዙ ጊዜ ከ24 እስከ 40 ወር በሚያስገኙት ትርፍ ይሸጣሉ። በወር 300 ዶላር የሚያተርፍ ገጽ በ30 ቢባዛ 9,000 ዶላር ነው። ያንን ገንዘብ ለመመለስ፣ ያውም ገቢው ምንም ሳይቀንስ፣ ሁለት ዓመት ተኩል ያስፈልጋችኋል ማለት ነው። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ።

"የተጣራ" የሚለው ቃል ላይ ደግሞ ብዙ ጨዋታ አለ። ሻጩ ጽሑፎቹን ራሱ ስለሚጽፍ የራሱን ሰዓት ወጪ ብሎ አይቆጥረውም። እናንተ ግን ጸሐፊ ልትቀጥሩ ነው፤ ያን ጊዜ 300 የነበረው 120 ሊሆን ይችላል። ሆስቲንግ (ገጹ የሚቀመጥበት ሰርቨር ኪራይ)፣ የዶሜይን (የድረ ገጹ አድራሻ ስም) እድሳት፣ የፕለጊን (ገጹ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) ፈቃድ፣ የኢሜይል መላኪያ ክፍያ፣ አንድ በአንድ ይቆጠሩ። ስሌቱ ደግሞ በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ሳይሆን በ12 ወር አማካይ ይሁን። የስጦታ ዕቃ የሚያስተዋውቅ ገጽ በዓል ሲቃረብ ገቢው ይተኮሳል፤ ብልጥ ሻጭ ደግሞ ለሽያጭ የሚያወጣው ልክ ያኔ ነው።

ርዕሱስ? ጽሑፉን አይታችሁ "ይሄ ስህተት ነው" ማለት የምትችሉበት ርዕስ ቢሆን ይሻላል። ጤናና ገንዘብን የሚነኩ ገጾች ላይ ጎግል ከሌላው የበለጠ ጥብቅ ነው፣ ለጀማሪ አይመከሩም።

2. የሻጩን ወሬ በማስረጃ አጣሩ

ይሄ ከሁሉም የሚረዝመው ክፍል ነው። መሆንም አለበት።

ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። ብሮውዘር ላይ የሚታይ ቁጥርን መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የጎግል ሰርች ኮንሶልን (ገጹ በጎግል ፍለጋ ላይ ያለውን ውጤት የሚያሳይ) እና የጎግል አናሊቲክስን (ጎብኚው ከየት መጥቶ ምን እንዳደረገ የሚያሳይ) የማየት ፈቃድ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ሁለቱም ላይ ባለቤትነትን ሳይነኩ ለሌላ ሰው ማየት ብቻ መፍቀድ ይቻላል። "አይሆንም" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ምክንያቱን ለመስማት ጊዜ አታጥፉ፣ ወደ ቀጣዩ እለፉ።

ሰርች ኮንሶል እስከ 16 ወር ወደ ኋላ ያሳያል። ሙሉውን ክፈቱ። መስመሩ እየወረደ ነው? ከሆነ መቼ ጀመረ? ራቅ ያለውን ታሪክ ለማየት አህሬፍስ ወይም ሴምረሽ የሚባሉት የድረ ገጽ መመርመሪያ መሣሪያዎች ይረዳሉ። ጎግል በሴፕቴምበር 2023 እና በማርች 2024 ያደረጋቸው ትልልቅ ለውጦች ብዙ ትንንሽ የይዘት ገጾችን ክፉኛ መትተዋል። ግራፉ በእነዚያ ቀናት አካባቢ እንደ ገደል ከወረደና ከዚያ ካልተነሳ፣ "ትንሽ ሥራ ብቻ ነው የሚያስፈልገው" የሚለውን ወሬ አትመኑ። ማንዋል አክሽንስ የሚለውን ክፍልም ተመልከቱ፤ ጎግል ገጹን በሰው ውሳኔ ቀጥቶት ከሆነ የሚታየው እዚያ ነው።

ከዚያ ገጾቹን በጎብኚ ብዛት ደርድሩ። ከመቶ 70 እጁ ጎብኚ በአንድ ጽሑፍ በኩል የሚገባ ከሆነ፣ ነገ አንድ ተፎካካሪ የተሻለ ጽሑፍ ሲያወጣ ገቢያችሁም አብሮ ይሄዳል። ወደ አናሊቲክስ ስትሄዱ ደግሞ የውሸት ጎብኚ ፈልጉ። ምልክቶቹ ብዙም አይደበቁም፦ ባለፉት ሁለት ወራት ድንገት የጨመረ ቁጥር፣ ገጹ ላይ አንድ ሰከንድ እንኳ የማይቆይ ሰው፣ ከገጹ ቋንቋ ጋር ምንም ከማይገናኝ አገር የሚጎርፍ ሕዝብ፣ ምንጩ "ቀጥታ" ተብሎ ብቻ የተመዘገበ ትራፊክ። አንዱ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል። ሦስቱ አንድ ላይ ከተገኙ ግን ቦት (ሰው መስሎ የሚጎበኝ ፕሮግራም) ተገዝቷል ብላችሁ ብትጠረጥሩ አይፈረድባችሁም።

የዶሜይኑን ያለፈ ሕይወት አጥኑ። የኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን ከ1996 ጀምሮ የተቀመጡ ገጾችን በነፃ ያሳያል። ዛሬ ስለ አትክልት የሚያወራው ገጽ ከአራት ዓመት በፊት የቁማር ገጽ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ጊዜው ያለፈበትን ዶሜይን ገዝቶ በድሮ ስሙ እርባና የሌለው ይዘት ወደ ላይ መግፋትን ጎግል ከማርች 2024 ጀምሮ በግልጽ ከልክሏል። ስለዚህ ታሪኩ የተቆራረጠ ዶሜይን ስታዩ ጥያቄ አብዙ።

ወደዚህ ገጽ የሚያመለክቱ ሊንኮችንም እዩ። ብዛታቸው አያስደስታችሁ። ከየት እንደመጡ ነው ዋናው። ስለ ብስክሌት የሚጽፍ ገጽ 2,000 ሊንክ ኖሮት 1,900ው ስማቸው ትርጉም ከማይሰጥ ገጾች ከሆነ ተገዝተው ሊሆን ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ሊንኮቹ ሻጩ ራሱ ከሚያስተዳድራቸው ሌሎች ገጾች የመጡ ከሆነ ነው። ሽያጩ ካለቀ በኋላ አንስቷቸው ለቀጣዩ ገጹ ሊጠቀምባቸው ይችላል፣ እናንተም ለምን እንደወረዳችሁ ሳይገባችሁ ትቀራላችሁ።

ይዘቱ የሻጩ ራሱ መሆኑን አረጋግጡ። ከተለያዩ ጽሑፎች አንዳንድ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ቆርጣችሁ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ፈልጉ። ሌላ ቦታ ቀድሞ ከወጣ ተሰርቋል። ለፎቶዎቹም ፈቃድ ወይም ደረሰኝ ጠይቁ፤ የባለቤቱ ጠበቃ ደብዳቤ ሲልክ የሚደርሰው ለአዲሱ ባለቤት ነው። ዶሜይኑ ውስጥ የታወቀ የንግድ ምልክት ስም ካለ ደግሞ ጨርሶ አትንኩት። የዶሜይን ስሞችን ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን በ1999 ባጸደቀው ዩዲአርፒ በሚባል ሥርዓት የምልክቱ ባለቤት ዶሜይኑን ሊነጥቃችሁ ይችላል።

ገቢውን ለማየት የቪዲዮ ጥሪ አድርጉ። ሻጩ ስክሪኑን እያጋራ ወደ ማስታወቂያ አካውንቱ ይግባ፣ ገጹን ሪፍሬሽ ያድርግ፣ የሚታየውን ወር ደግሞ እናንተ ምረጡለት። የአድሴንስ (ገጽ ላይ ለሚታይ ማስታወቂያ ጎግል የሚከፍልበት) አካውንት ከድረ ገጹ ጋር እንደማይሸጥ ልብ በሉ። በራሳችሁ ስም አመልክታችሁ ተቀባይነት ማግኘት አለባችሁ። ገቢው የሌላ ኩባንያ ዕቃ በማሻሻጥ ከሚገኝ ኮሚሽን ከሆነም ያ ኩባንያ እናንተን በዚያው የኮሚሽን መጠን ይቀበላችሁ እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፣ ሻጩ በግል ተደራድሮ ያገኘው ልዩ መጠን ሊሆን ይችላልና።

በመጨረሻ "ለምን ትሸጠዋለህ?" በሉት። መልሱ ራሱ ብዙም አይጠቅማችሁም፤ ሁሉም ጊዜ የለኝም ነው የሚለው። ጊዜ የለኝም ያለው ሰው ባለፈው ወር ሌላ ተመሳሳይ ገጽ ከፍቶ እንደሆነ ግን መፈተሽ ትችላላችሁ።

3. ውልና ክፍያ

በቀጥታ ገንዘብ አትላኩ። ሻጩ የቱንም ያህል ደግ ቢመስል። እንደ ኤስክሮው ዶት ኮም ያለ አገልግሎት ገንዘቡን ተቀብሎ ይይዘዋል፣ እናንተ ዕቃውን መረከባችሁን ስታረጋግጡ ለሻጩ ይለቃል።

ውሉ ላይ የምትረከቡት ነገር ሁሉ በስም ይጻፍ፦ ዶሜይኑ፣ ፋይሎቹና ዳታቤዙ (ጽሑፎቹ የሚቀመጡበት መዝገብ)፣ የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንቶቹ፣ የኢሜይል ዝርዝሩ፣ ሎጎው ከነዋናው ፋይል፣ የጸሐፊዎቹ ስምምነት። ሻጩ ለአንድና ለሁለት ዓመት በዚያው ርዕስ ተመሳሳይ ገጽ እንዳይከፍት የሚከለክል አንቀጽ ይኑር። የ30 ቀን እገዛም ይጨመር። "እየተደዋወልን እንጨርሰዋለን" የሚባል ነገር የለም።

ዶሜይን የሚዛወረው በሁለት መንገድ ነው። ሁለታችሁም አንድ መዝጋቢ (ዶሜይን የሚሸጥና የሚያድስ ድርጅት) ጋር አካውንት ካላችሁ ከአካውንት ወደ አካውንት መግፋት ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ ወዲያው ያልቃል። ወደ ሌላ መዝጋቢ ከሆነ ሻጩ ቁልፉን ከፍቶ የማዛወሪያ ኮድ ይሰጣችኋል፣ ይህም እስከ ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ዶሜይኑ በቅርቡ የተመዘገበ ወይም የተዛወረ ከሆነ ለ60 ቀን ሊቆለፍ ይችላል፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዶሜይኑ በእናንተ አካውንት ውስጥ ሳይታይ ክፍያውን አትልቀቁ። ሌላው ሁሉ እንደገና ይሠራል፣ ዶሜይን ግን ምትክ የለውም።

4. የመጀመሪያው ሳምንት

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ሙሉ ባካፕ ውሰዱ፤ ፋይሉንም ዳታቤዙንም። ወደ ኮምፒውተራችሁ አውርዱት።

ቀጥሎ በሮቹን ዝጉ። የመዝጋቢው፣ የሆስቲንጉ፣ የዎርድፕረሱ (ብዙ ድረ ገጾች የሚሠሩበት ፕሮግራም)፣ የዳታቤዙና የኤፍቲፒው (ፋይል ወደ ሰርቨር መላኪያው) ፓስወርድ ሁሉ ይቀየር፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይከፈት። ሰው የሚረሳው ነገር መጠባበቂያ ኢሜይሉን ነው፦ ፓስወርዱን ቀይራችሁ መጠባበቂያው የሻጩ ኢሜይል ከሆነ ምንም አልተለወጠም። ዎርድፕረስ ውስጥ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያላቸውን ተጠቃሚዎች ተመልከቱና የማታውቁትን አንሱ። ስታነሱ ጽሑፎቹን ለሌላ ተጠቃሚ ማስተላለፋችሁን አረጋግጡ፣ አለበለዚያ አብረው ይሰረዛሉ። ያለ ፈቃድ በነፃ የተጫኑ የሚከፈልባቸው ፕለጊኖች ካሉ አውጥታችሁ ጣሉ። ብዙ ጊዜ ውስጣቸው የተደበቀ ነገር አለ።

ዶሜይኑ ራሱ እንዲታደስ አድርጉ፣ ካርዱም ገንዘብ ያለበት ይሁን። አንድ ዶት ኮም ጊዜው አልፎ በመዝጋቢው ከተሰረዘ በኋላ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለው፣ ግን ተጨማሪ ክፍያ አለው። ከዚያ 5 ቀን ቆይቶ ለማንም ክፍት ይሆናል፣ ያን ቀን የሚጠብቁ ሮቦቶች ደግሞ እንቅልፍ የላቸውም።

ሆስቲንግ መቀየር ካለባችሁ እንዲህ አድርጉ። ከአንድ ቀን በፊት የዲኤንኤሱን (ዶሜይኑን ወደ ሰርቨሩ የሚመራውን መዝገብ) ቲቲኤል፣ ማለትም ሌሎች አሮጌውን መዝገብ ይዘው የሚቆዩበትን ጊዜ፣ ወደ 300 ሰከንድ አውርዱ፣ ለውጡ ቶሎ እንዲሰራጭ። ገጹን ወደ አዲሱ ሰርቨር ገልብጡ፣ እዚያው ሞክሩት፣ ቅጾቹ ይልካሉ? ፎቶዎቹ ይታያሉ? ከዚያ ዲኤንኤሱን ቀይሩ። የኢሜይል መዝገቦቹንም አብራችሁ ውሰዱ። ገጹ ሠርቶ ኢሜይል ለሦስት ቀን ሳይገባ ማንም የማያስተውልበት ጊዜ አለ። አሮጌውን ሆስቲንግ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሳምንት አትዝጉት።

የመጨረሻዋ ነገር ትንሽ ናት፣ ግን ስንት ሰው አስለቅሳለች። ዎርድፕረስ ማስተካከያ ውስጥ፣ የንባብ ክፍሉ ላይ፣ የፍለጋ ሞተሮች ገጹን እንዳይመዘግቡ የምታደርግ ሳጥን አለች። ለሙከራ ስትሠሩ ምልክት አድርጋችሁባት ከረሳችኋት ከጎግል ቀስ በቀስ ትጠፋላችሁ። ግቡና እዩ።

5. ሦስት ወር እጃችሁን ሰብስቡ

አዲስ ባለቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ዲዛይን መቀየር ነው። ተዉት። መጀመሪያ የገዛችሁት ነገር እንዴት እንደሚሠራ እዩ። በአንድ ጊዜ ሆስቲንጉን፣ ዲዛይኑንና የገጾቹን አድራሻ ቀይራችሁ ጎብኚ ቢቀንስ የትኛው እንዳበላሸው በምን ታውቃላችሁ? አንዱን ቀይሩ፣ ጥቂት ሳምንት ጠብቁ፣ ከዚያ ሌላውን።

የገጽ አድራሻ መቀየር የግድ ከሆነ ከአሮጌው ወደ አዲሱ 301 የሚባለውን ቋሚ ማዞሪያ አድርጉ። ሁሉንም ወደ ፊት ገጹ አታዙሩ፤ እያንዳንዱ ወደ አቻው ይሂድ። ጎግል ማዞሪያው ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲቆይ ይመክራል፣ እኔ ብሆን ጨርሶ አላነሳውም።

እስከዚያው ግን መደበኛ ጥገናው አለ። ባካፑ በራሱ ጊዜ ይወሰድ፣ የሚቀመጠው ግን ገጹ ካለበት ሰርቨር ውጭ ይሁን። ሰርቨሩ ሲቃጠል አብሮ የሚቃጠል ባካፕ ምን ይሠራል? በየጥቂት ወሩ ደግሞ ባካፑን ሌላ ቦታ መልሳችሁ ክፈቱት፣ የማይከፈት ባካፕ ብዙ አለ። የፕለጊን ማሻሻያዎችን አታከማቹ። የዎርድፕረስ ገጾች በብዛት የሚሰበሩት ባልታደሰ ፕለጊን በኩል ነው። ትልቅ ማሻሻያ ሲሆን በሙከራ ቅጂ ላይ ቀድማችሁ ሞክሩ። የኤስኤስኤል ምስክር ወረቀቱ (የገጹን ግንኙነት የሚመሰጥረው) በነፃ ከሚሰጠው ከሌትስ ኢንክሪፕት ከሆነ ዕድሜው 90 ቀን ነው፣ በራሱ መታደሱን አረጋግጡ። እንደ አፕታይምሮቦት ያለ አገልግሎት ደግሞ ገጹ ሲወድቅ መልእክት ይልክላችኋል፣ ከአንባቢ እንዳትሰሙ።

ፍጥነትን በጎግል መለኪያ በፔጅስፒድ ኢንሳይትስ ለኩ። ጎግል ጥሩ የሚለው የገጹ ዋና ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ሲታይና ሰው ሲነካው ከ200 ሚሊሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ መልስ ሲሰጥ ነው። መቶ ከመቶ ለማምጣት አትጨነቁ። አብዛኛውን ጊዜ ፎቶዎቹን ዌብፒ ወደሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ ዓይነት ቀይሮ ማሳነስና የማትጠቀሙባቸውን ፕለጊኖች ማውጣት ይበቃል።

6. ማስተዋወቅ፦ ካለው ጀምሩ

አዲስ ጽሑፍ ከመጻፋችሁ በፊት ሰርች ኮንሶል ውስጥ ከ8ኛ እስከ 20ኛ ደረጃ ላይ ያሉ ገጾችን አውጡ። ጎግል ያሳያቸዋል፣ ሰው ግን አይጫናቸውም። እነዚህ ናቸው ቶሎ የሚከፍሏችሁ። ሰው ምን ብሎ ፈልጎ እንደመጣ እዩ፤ ለዚያ ጥያቄ ጽሑፉ መልስ አለው? መልሱ ሰባተኛ አንቀጽ ላይ ተቀብሮ ከሆነ ወደ ላይ አምጡት። ርዕሱን ሰው በሚጠይቅበት አነጋገር ጻፉት። ብዙ ጎብኚ ካላቸው ሌሎች ገጾቻችሁ ሊንክ ስጡት።

ከሜይ 2024 ወዲህ ጎግል ከውጤቶቹ በላይ በኤአይ የተዘጋጀ ማጠቃለያ ያሳያል። በአንድ መስመር የሚመለስ ጥያቄ ላይ የቆመ ገጽ በዚህ ከሌላው የበለጠ ይጎዳል፣ ሰው መልሱን አይቶ ይሄዳልና። ማጠቃለያ ሊተካው የማይችለውን ጻፉ፦ ራሳችሁ የሞከራችሁትን ዕቃ፣ ያነሳችሁትን ፎቶ፣ የሠራችሁትን ማስሊያ።

ሁለተኛው መንገድ ኢሜይል ነው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው። ጎግል ሐሳቡን ቢቀይር የኢሜይል ዝርዝሩ የእናንተው ነው። ከገጹ ጋር ዝርዝር ከተረከባችሁ በመጀመሪያው ደብዳቤ ባለቤቱ መቀየሩን ንገሯቸው፣ መውጣት የፈለገ በቀላሉ ይውጣ። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የሚባሉትን፣ ኢሜይሉ በእርግጥ ከእናንተ መምጣቱን የሚያረጋግጡ የዲኤንኤስ መዝገቦች ሳታስተካክሉ ብዙ ኢሜይል አትላኩ። ጂሜይል ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ ከሚልክ ሰው ሦስቱንም ይጠይቃል፤ የስፓም ቅሬታውም 0.3 በመቶ እንዳይደርስ ይፈልጋል። ያሁም ተመሳሳይ ሕግ አለው። የኢሜይል ዝርዝር ለብቻው የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ግን ገንዘባችሁን ያዙ።

ሊንክ አትግዙ። የከፈላችሁበት ማስታወቂያ ከሆነ ስፖንሰርድ የሚል ምልክት ይደረግበት፣ የጎግል ሕግ ይሄው ነው። ሰው ወዶ ሊንክ የሚሰጠው ሊጠቅሰው የሚችል ነገር ሲያገኝ ነው፦ ሰንጠረዥ፣ የንጽጽር ሙከራ፣ ነፃ መሣሪያ። እሱን ሠርታችሁ ርዕሱ ለሚመለከታቸው ጥቂት ጸሐፊዎች አጭር ኢሜይል ጻፉ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ከበተናችሁ ማንም አያነበውም።

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አንድ ቦታ ይበቃል። አንባቢያችሁ ያለበትን።

የሚከፈልበት ማስታወቂያ ለመሞከር ካሰባችሁ በትንሽ በጀት፣ ለአንድ ገጽ፣ ለአንድ ዓላማ ጀምሩ። ዓላማው "ሰው እንዲያውቀን" ከሆነ አልተዘጋጃችሁም። አንድ የኢሜይል ተመዝጋቢ ስንት አወጣችሁ? ያ ተመዝጋቢ በስድስት ወር ስንት ያመጣል? ሊንኮቹ ላይ የዩቲኤም ምልክት (ከሊንኩ ጫፍ የሚቀጠል መለያ) ካደረጋችሁ አናሊቲክስ የትኛው ማስታወቂያ ማንን እንዳመጣ ይለያል። ተመዝጋቢው የሚያመጣው ካወጣችሁበት ካልበለጠ ማስታወቂያውን አቁሙት።

በየወሩ መጨረሻ አንድ ሰንጠረዥ ሙሉ፦ ገቢ በየምንጩ፣ ወጪ፣ ጎብኚ በየመንገዱ፣ በዚያ ወር የቀየራችሁት ነገር። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አንዱ የጎብኚ መንገድ ከግማሽ በላይ ከያዘ የሚቀጥለውን ወር ሥራ ለሌላው መንገድ ስጡት። መሸጥ ከፈለጋችሁም ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ሰንጠረዥ ነው። ለዚያ ጊዜ እንዲቀላችሁ ከአሁኑ ለድረ ገጹ የራሱን ኢሜይል ክፈቱና ሁሉንም አካውንት በእሱ አስመዝግቡ፤ የግል ኢሜይላችሁ ውስጥ የተጠላለፈ ገጽ ለማስረከብ ጣጣው ብዙ ነው።